ግዴታ ያልሆነው የቦቢ መርፌ

ሰው የሚፈራው ግዴታን ነው ይላሉ። እኔ ግዴታን አልፈራም። ግብር ግዴታ ነው፤ እከፍላለሁ። የሰፈር ስብሰባ ግዴታ ነው፤ እሄዳለሁ፤ እንዲያውም ዐይኔን ሳልከድን መተኛት የተማርኩት እዚያ ነው። እኔን ጉድ የሠራኝ "እንደ ፍላጎትዎ" የሚሉት ነገር ነው። አንድ የእንስሳት ሐኪም ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ "ይሄኛው እንኳ ግዴታ አይደለም፤ እንደ ፍላጎትዎ ነው" ካለኝ በኋላ የደረሰብኝን ብትሰሙ፣ ግዴታ የሚባለውን ነገር እጁን ይዛችሁ ትስማላችሁ።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ቦቢ ውሻዬ ነው። ስሙን እኔ አላወጣሁለትም። አዲስ አበባ ውስጥ ወንድ ውሻ ሲወለድ ወይ ቦቢ ወይ ጃክ ሆኖ ነው የሚወለደው። እኛ ሰፈር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ አስፋልቱ አልቆ የእንጦጦ ኮረኮንች ከሚጀምርበት፣ አንድ ሰው "ቦቢ!" ብሎ ቢጣራ ከየአጥሩ ሥር የውሻ ራስ ቀና ቀና ይላል። የእኔው ቀና አይልም። ስሙ መሆኑን አጥቶት አይደለም፤ ዕድሜው ስለገፋ መጀመሪያ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል።

ያሳደገችው እናቴ ነበረች። እናቴ ስትሞት ውርስ ሊያካፍሉን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቤቱ ለእኔ ደረሰ፤ ዕቃው ለእህቴ። እህቴ ቁም ሳጥኑንና ቡፌውን በአይሱዙ ጭና ወደ ደሴ ሄደች። ስለ ቦቢ ግን ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ማንም ያልተሟገተብን እኔና እሱ እንዲሁ አብረን ቀረን።

ሚስት አላገባሁም። ለምን እንዳላገባሁ የሚጠይቀኝ ሰው ድሮ መዓት ነበር፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይጠይቁኝ ነበር። ያን ጊዜ ጥያቄው ያንገሸግሸኝ ነበር። ቀስ በቀስ ጠያቂው እየቀነሰ መጣ፤ አሁን የሚጠይቀኝ የለም። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ናፍቆኛል።

ሥራዬ መድን ነው። ሰው መኪናው ሳይጋጭ ስለ ግጭት፣ ቤቱ ሳይቃጠል ስለ ቃጠሎ እንዲያስብ ማድረግ ነው እንጀራዬ። "ምናልባት" የምትለዋን ቃል ያህል የጠቀመኝ ዘመድ የለም። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ የውሻ መርፌ ላይ መወሰን አቃተው ሲባል ብትስቁ አልፈርድባችሁም።

ያን ዓመት ክረምቱ ሲገባ የወረዳው ሰዎች በድምፅ ማጉያ እየዞሩ የእብድ ውሻ ክትባት ግዴታ መሆኑን ነገሩን። ግዴታ ከሆነማ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ቦቢን በገመድ ይዤ መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ወረድኩ። ወረድኩ ስላችሁ በቀላሉ የወረድኩ እንዳይመስላችሁ። ታክሲው ሊጭነን አልፈለገም፤ ወያላው "ጋሼ፣ ሰው ነው የምንጭነው!" ብሎ በሩን ዘጋብን። በእግራችን ስንወርድ ደግሞ መገናኛ ለባቡሩ ተብሎ ተቆፍሮ ተቆፍሮ፣ ከተማው ራሱ የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። ክሊኒኩ ስንደርስ ከሁለታችን ታማሚው የትኛው እንደሆነ መለየት ይቸግር ነበር።

ሐኪሙ ዶክተር ዮናታን ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። የእብድ ውሻውን ክትባት ወጋውና ጓንቱን ሳያወልቅ፣

"ጋሼ፣ ሌላም ክትባት አለ" አለኝ። "ከአይጥ ሽንት የሚመጣ በሽታ አለ። ክረምት ላይ ይበዛል። ውሻው አይጥ የነካችው ውሃ ከጠጣ ኩላሊቱንና ጉበቱን ይይዘዋል። ለሰውም ይተላለፋል። ይሄኛው እንኳ ግዴታ አይደለም፤ እንደ ፍላጎትዎ ነው።"

"ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?"

"ጥሩ ነው። ግን ቦቢ በዕድሜ ገፋ ብሏል። አንዳንዱ ውሻ ሲወጋ ያተኩሰዋል፣ ይደክመዋል፣ ምግብ አልበላም ይላል፤ በቀን በሁለት ቀን ይለቀዋል። አልፎ አልፎ ደግሞ ፊቱ የሚያብጥና ትንፋሽ የሚያጥረው ያጋጥማል። እሱ አደገኛ ነው፤ ግን እምብዛም አይደርስም።"

"ካልተወጋስ?"

"ምንም ላይሆን ይችላል። ሊታመምም ይችላል።"

"ዶክተር፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?"

"እኔ ውሻ የለኝም" አለኝ።

ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሌላው ስሸጠው የኖርኩት "ምናልባት" ዞሮ እኔው ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ነገሩን አታካብድ ትሉኝ ይሆናል። ቦቢ ውሻ ነው፤ ይሄን አውቃለሁ። ግን ከቢሮ ወጥቼ እንደገና ቢሮ እስክገባ ድረስ የማናግረው እሱን ብቻ ነው። ራቴን ስበላ "ጨው በዛበት አይደል?" የምለው ለእሱ ነው። አስወግቼው ቢሞት የገደልኩት እኔ ነኝ። ሳላስወጋው አይጥ ብትጨርሰው የገደልኩት አሁንም እኔው ነኝ። በሁለቱም በኩል ስለ ጨው የማወራው ሰው አይኖረኝም።

ሰኞ ምሳ ላይ ጉዳዩን ለባልደረቦቼ አነሳሁት። እኔ ምሳ ላይ ወሬ የማነሳ ሰው አይደለሁም። ሌሎቹ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ሲስቁ ትንሽ ዘግይቼ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን "ውሻዬን ግዴታ ያልሆነ መርፌ ላስወጋው ወይስ ልተወው?" ስል ሁሉም የጠቀለለውን ጉርሻ እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

ሰብለ ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ነው የምትሠራው። ውሻ ከሩቅ ስታይ መንገድ የምትቀይር ሴት ናት፤ ስለ ውሻ የማታውቀው ነገር ግን የለም።

"እንዳታደርገው!" አለችኝ። "የወንድሜ ውሻ ተወግቶ ሞቷል።"

"መርፌው ገደለው?"

"መኪና ገጨው። ግን ከተወጋ በኋላ ነው።"

"ከተወጋ ስንት ጊዜ በኋላ?"

"በዓመቱ" አለች፤ መርፌው ከመኪናው ሹፌር ጋር ተመሳጥሮ የቆየ ይመስል።

አለቃችን አቶ ግርማ ደግሞ እንደዚያ ዘመን አለቆች ያለ ግምገማ ውሃ እንኳ አይጠጡም። "ስሜታዊ አንሁን" አሉ እጃቸውን እየጠረጉ። "መጀመሪያ የመርፌው ጠንካራ ጎን ይነሳ። ቀጥሎ ደካማ ጎኑ ይነሳ። ከዚያ አቅጣጫ እናስቀምጣለን።" ጠንካራ ጎኑ ተነሳ፤ ደካማ ጎኑም ተነሳ። መሀል ላይ አንዱ የካፌውን ሽሮ ደካማ ጎን አነሳና በዚያው ቀረን። በማግሥቱ ግን አቶ ግርማ ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። "የውሻው ጉዳይ ምን ደረሰ?" አሉኝ። "በሂደት ላይ ነው" አልኳቸው። እኒህ ሰውዬ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ኮሪደር ላይ አስቁመውኝ አያውቁም ነበር።

ማታ ደግሞ ጥያቄዬን ይዤ ወደ ጎረቤት ዞርኩ። እትዬ በላይነሽ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ነው የሚኖሩት። ልጆቻቸው ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው አያት ገብተዋል። የእናቴ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ፤ ከእናቴ ተዝካር ወዲህ ግን ቤቴን ረግጠው አያውቁም፤ ቦቢ ነጠላቸውን ነክቶ ቤተ ክርስቲያን እንዳይቀሩ ይሰጋሉ። "እንደምን አደሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ተባብለን ነው የምንተላለፈው። ያን ምሽት በአጥሩ ላይ ጥያቄውን ሳቀርብላቸው ቦይ የሚጠርጉበትን አካፋ አስቀመጡ።

"ክትባት? ለውሻ?" አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳቸውን አሳዩኝ። "እኔ እንኳ የተወጋሁት ይቺን ብቻ ነው፤ ይኸው አለሁ። ጸበል ውሰደው እንዳልልህ ውሻ ነው።" ትንሽ አሰቡና፣ "ፌጦ በሎሚ ስጠው" አሉኝ።

"ከምን ያድነዋል?"

"ከምን አያድነውም!" ብለው ተቆጡኝ።

ከበላያችን ባለው ግቢ ከሚስቱ ጋር ተከራይቶ የሚኖረው ታምራት ደግሞ ባንክ ይሠራል፤ በጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነው። ከአንገት ሰላምታ አልፈን አናውቅም ነበር። ኮረኮንቹ ላይ ስንገናኝ አስቆምኩት።

"ጋሼ፣ ጸልየውበታል?" አለኝ።

"ስለ ውሻ መርፌ ይጸለያል?"

"ጌታ ለድንቢጥም ይጠነቀቃል። ይጸልዩና ውስጥዎ ሰላም ከተሰማዎት ያስወጉት። ሰላም ካልተሰማዎት ይተዉት።"

የመድን ሠራተኛ ሰላም ከተሰማው ሥራውን መልቀቅ አለበት። ቢሆንም እንጦጦ ዳገት ላይ ጥላ ይዘን ስለ ሰላም ቆመን አወራን፤ ስለ ሚስቱ እርግዝና፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጅብ አወራን። ጥላዬን አጥፌ ቤቴ ስገባ እያፏጨሁ ነበር።

ሳምንቱን እንዲህ ከረምኩ። ያገኘኝ ሁሉ "እህ፣ ምን ወሰንክ?" ይለኛል። ልብ በሉ፤ "ደህና ነህ?" ለሚለው መልሱ አንድ ስለሆነ ማንም ቆሞ አይሰማውም። "ምን ወሰንክ?" ያለ ሰው ግን መቆሙ ግድ ነው። ካልወሰንኩ እየጠየቁኝ ይኖራሉ። ስለዚህ መርፌው የማያስፈልግበትን ምክንያት ለሰብለ፣ የሚያስፈልግበትን ለአቶ ግርማ እየነገርኩ ነገሩን አጓተትኩት። መንግሥት አንድን ድልድይ እንዳያልቅ አድርጎ እንደሚሠራው እኔም ውሳኔዬን ሠራሁት።

ያስወሰነችኝ አንዲት አይጥ ናት። ዓርብ ጠዋት በር ስከፍት ድመት የምታህል አይጥ ከቦቢ የውሃ ጣሳ ጠርዝ ላይ ወጥታ ትጠጣለች። ቦቢ ደግሞ ከኋላዋ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። እንደ ጨዋ ሽማግሌ ጭራውን እንኳ አያወዛውዝም። ጣሳውን አንስቼ ወረወርኩ። በበነጋው መገናኛ ሄድን፤ ዶክተር ዮናታን ወጋው። ቦቢ ዞር ብሎ አላየም፤ ዐይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ሰኞ ቢሮ ስገባ "ገና እያሰብኩበት ነው" ልል ነበር ሐሳቤ። መርፌውን ለቦቢ፣ ጥያቄውን ለራሴ። እንዲህ ያለ ብልጠት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ቦቢ ራቱን አልነካም። ጆሮውን ብዳብሰው ይፋጃል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ እሱ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ውሻ ደፍ እንዲሻገር አትፈቅድም ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶዋን ላለማየት አንገቴን ደፍቼ አቅፌ አስገባሁትና አልጋዬ ላይ አስተኛሁት፤ ብርድ ልብስ ደረብኩለት። ሐኪሙ ጋ ስደውል "ይጠብቁት፤ ፊቱ ካበጠ ግን ፈጥነው ይምጡ" አለኝ። ጉድ የፈላው ያን ጊዜ ነው። እሁድን ሙሉ ፊቱን እያየሁት ድሮ እንዴት እንደነበር ጠፋኝ። አፍንጫው ይሄን ያህል ወፍራም ነበር? ጉንጩስ? ስንት ዓመት አብሮኝ የኖረ ፍጡር፣ ፊቱን በደንብ አይቼው አላውቅም ማለት ነው። በእርጥብ ጨርቅ እያበስኩት "አደራህን" አልኩት። "እንዳትሄድብኝ። ማንም የለኝም፤ ታውቃለህ።" ለሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ሰኞም አልተነሳም። አቶ ግርማ ጋ ደወልኩ።

"ቤት ታማሚ ስላለብኝ ዛሬ አልገባም" አልኩ።

"ማን ነው የታመመው?" ሲሉኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሞከርኩ፣ ሞከርኩ፤ ስልኩም ባትሪው አለቀ፤ መብራትም የለም። ተውኩት። እንግዲህ የአገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ። ብቻውን የሚኖር ሰው "ቤት ታማሚ አለ" ካለ ታማሚው ማን ሊሆን ይችላል? እሱ ራሱ ነው፤ ኩራቱ ይዞት ነው። ቢሮ እንደዚያ ነበር የተነጋገሩት።

አመሻሽ ላይ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት ባይ አቶ ግርማ፣ ሰብለና ሁለት ሌሎች ባልደረቦቼ የግቢዬን በር ከፍተው ይገባሉ። ፊታቸው ጠቁሯል። ሰብለ በፌስታል ብርቱካን ይዛለች። የፈሩት ይደርሳል አሉ! ያን ሁሉ ዳገት በጭቃ ወጥተው የመጡትን ሰዎች "የታመመው ውሻዬ ነው" ብዬ እንዴት ልመልሳቸው? ደግሞስ የሃምሳ ዓመት ሰውዬ ለውሻ ብሎ ከሥራ ቀረ ይባል? ጫማዬን አውልቄ ከነሱሪዬ አልጋ ውስጥ ገባሁ፤ ቦቢን ወደ እግሬ ገፋ አድርጌ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩት።

"እንዴት ነው? ምንህን ነው?" እያሉ ወንበሮቹን ሞሏቸው። "ይማርህ፣ ይማርህ።"

"ትንሽ አሞኝ ነው" አልኩ። ድምፄ ሳላስበው የታማሚ ድምፅ ሆነ።

ወዲያው እትዬ በላይነሽ ገቡ። ደጄ ላይ የተደረደረውን የእንግዳ ጫማ አይተው ነው። "አጥር ለአጥር ሆነን ከሩቅ ሰው ልስማ?" እያሉ ተቆጡ፤ ተመልሰው ሄደው የአጥንት ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን አመጡ። ታምራት ከነሚስቱ መጣ፤ እሷ በፔርሙስ አጥሚት ይዛለች። እንደ ወጉ ወሬው ወደ በሽታ ዞረ። አቶ ግርማ እንደኔው "ትንሽ አሞኝ ነው" ብሎ በሦስተኛው ቀን የተቀበረ ጓደኛቸውን ነገሩኝ። ሰብለ ሌላ ሰው ጨመረች፤ የእሷ በሁለተኛው ቀን ነው። ሁሉም ሊያጽናኑኝ ነው የመጡት።

እትዬ በላይነሽ ዐይናቸው ወደ አልጋው ግርጌ ሄደ። "ይሄ እግርህ ነው እንዲህ ያበጠው?" አሉ።

ምን ልበል? "አዎ" አልኩ።

እትዬ በላይነሽ ተነስተው እብጠቱን በብርድ ልብሱ ላይ ዳሰሱት። "ኧረ እሳት ነው! በማርያም፣ ኑ ዳስሱት!" አቶ ግርማ ዳሰሱ። ሰብለ ዳሰሰች፤ አዎ፣ ሰብለ። እብጠቱ ቀስ ብሎ አቃሰተ፤ እኔ በላዩ ላይ ሳልኩበት። አንዱ ሪህ ነው አለ፤ ሌላው ምች ነው አለ። አቶ ግርማ "ይሄ ቤት የሚያስቀምጥ አይደለም፤ አንሱት፤ መኪናዬ ታች ቆሟል፤ ሆስፒታል!" ብለው ካፖርታቸውን አወለቁ።

መነሳት ነበረብኝ፤ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ለምን እንዳልተናገርኩ ልንገራችሁ። ያቺ ክፍል ወንበሮቿ ሁሉ ሞልተው ያየሁት እናቴ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው። ሁሉም ስለ እኔ ነው የሚያወራው። እትዬ በላይነሽ ግንባሬን በመዳፋቸው ነኩኝ፤ ሰው ግንባሬን ከነካኝ ስንት ዘመኑ ነው። ትንሽ ይቆይ ብዬ ነው። አንድ ትንሽ ጊዜ ብቻ።

"ከመሄዱ በፊት እንጸልይ" አለ ታምራት። እትዬ በላይነሽ ፊታቸውን አዞሩና አማተቡ፤ ግን አልከለከሉም። ታምራት ሁለት እጁን እብጠቱ ላይ ጭኖ ጀመረ። ድምፁ የዘማሪ ስለሆነ ግድግዳው ያስተጋባል። "ይህ እብጠት ይነሳ! ይውጣ! አሁን!" ባለ ጊዜ ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ።

"ተነሳ!" አለች ሚስቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

እብጠቱ በእርግጥ ተነሳ። የአጥንቱ ሾርባ ሽታ ከሁለት ቀን ጾም በኋላ አፍንጫው ገብቶ ነው። በአልጋው ጠርዝ በኩል መጀመሪያ ጥቁር አፍንጫ፣ ቀጥሎ ጆሮ፣ ቀጥሎ ቦቢ በሙሉ ወጣ። አንድ ጊዜ ራሱን አራገፈ፤ ወደ ሳህኑ ሄዶ ሾርባውን ይልፈው ጀመር። ሰብለ ወንበር ላይ ቆማ አየኋት፤ እንዴት እንደወጣች አላየሁም። ታምራት እጆቹን ያያል። እትዬ በላይነሽም እጃቸውን ያያሉ።

"ውሻ!" አሉ። "ውሻ ነው በእጄ ስዳስስ የቆየሁት?"

"ከተወጋ በኋላ አተኩሶት ነው..." አልኩ፤ ከነሱሪዬ ተነስቼ።

አቶ ግርማ ካፖርታቸውን መልሰው ለበሱ። "ነገ ቢሮ እንነጋገራለን" አሉ። ሳቅ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ቢስቁብኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! አንድ በአንድ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። ታምራት ብቻ በሩ ላይ ዞር ብሎ "ለማንኛውም ድኗል" አለኝ። ከዚያ ባዶ ወንበሮች መሀል ቆምኩ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ሆኛለሁ፤ ሰዎች ከሄዱ በኋላ ያለው ብቸኝነት ግን ሌላ ነው። ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው አልመለስኳቸውም። ቦቢ ሾርባውን ጨርሶ ሳህኑን እየላሰ መሬት ለመሬት ይገፋዋል።

በነጋታው ማለዳ ዶክተር ዮናታን ጋ ደወልኩ። ቦቢ መብላቱን ስነግረው ደስ አለው፤ ከዚያ "ከወር በኋላ ይደገማል፤ እሱም እንደ ፍላጎትዎ ነው" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ከፊቴ ደግሞ ሌላ ግዴታ ተቀምጧል፤ የሰው ዕቃ። የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። የእትዬ በላይነሽን ጎድጓዳ ሳህንና የታምራትን ፔርሙስ አጥቤ አጥቤ፣ በሰብለ ብርቱካን ሳህኑን ሞላሁት፤ ለፔርሙሱም በፌስታል አደረግሁለት። የማልፈራው ግዴታ እንኳ ያን ጠዋት እግሬን አከበደው።

የታምራት ሚስት በሩን ከፍታ ስታየኝ ከት ብላ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ትንሽ ቀለለኝ። እትዬ በላይነሽ በር ላይ ስደርስ ግን ልመለስ ምንም አልቀረኝም። ደጃፉ እርጥብ ነው፤ ጸበል ረጭተውበታል። በሩን ከፍተው ሳህኑን ተቀበሉኝ፤ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

"እንዴት አደረ?" አሉኝ።

"ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"አንተንማ አየሁህ። ውሻው።"

"ተነስቷል፣ እትዬ። ሾርባውን አንድ አላስቀረ፤ ሳህኑን ሳይቀር..." ብዬ ሳህኑን በእጃቸው መያዛቸው ትዝ አለኝ። "በደንብ አጥቤዋለሁ" አልኩ።

ሳህኑን አዩት፤ እኔን አዩኝ። "መርፌው አለቀ?"

"ከወር በኋላ ይደገማል ተብሏል። ግን እሱም ግዴታ አይደለም። ጥቅሙንና ጉዳቱን ገና..."

"የምን ጥቅምና ጉዳት ነው?" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እንደ ማታው የተቆጡ መሰለኝ፤ ዐይናቸው ግን ሌላ ነበር። "ማታ ማታ አንተ ስትገባ ይጮህ የለም? እሱ ሲጮህ 'ገባ' ብዬ ነው በሬን ቀርቅሬ የምተኛው። ልጆቹ አያት ከሄዱ ወዲህ እንደዚያ ነው። ሰሞኑን ድምፁ ጠፋ። መግባት አለመግባትህን አላወቅሁም፤ በሬን ሳልቀረቅር ነው የነጋው።"

"መጥተው ቢጠይቁኝ እኮ..."

"ምን ብዬ?" አሉኝ።

እኔም እሳቸው ጋ ለመሄድ መርፌ ነበር ያስፈለገኝ።

"ውሰደውና አስወጋው!" አሉና አንዱን ብርቱካን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። በሩን ዘጉት።

ቢሮ የገጠመኝን እተወዋለሁ፤ አቶ ግርማ ለወሩ ግምገማ አጀንዳ አግኝተዋል። ማታ ከላምበረት በኩል ታክሲ አጥቼ በእግሬ ስወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የግቢዬን በር ገፋ ሳደርገው ቦቢ ጮኸ፤ ድምፁ ገና ሻካራ ነው። ቁልፉን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከአጥሩ ማዶ የእትዬ በላይነሽ በር መቀርቀሪያ ተወረወረ።